የአንድሮይድ ስልክ ቁልፍና ባለቤቱ

አንድ ሰው ገንዘቡን ቆጥሮ ቤት ቢገዛና ሻጩ የሳሎኑን፣ የመኝታ ቤቱንና የማድ ቤቱን ቁልፍ አስረክቦ የአንዲቱን ጓዳ ቁልፍ ብቻ በኪሱ ይዞ ቢሄድ፣ ገዢው የሚያነሣው ጥያቄ በጓዳዪቱ ውስጥ ምን እንዳለ ብቻ አይሆንም፤ ቤቱ በእርግጥ የማን እንደሆነም ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ በኪስ በሚያዘው ስልክ ላይ ከተነሣ ከዐሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል። ክርክሩም የተካሄደው በሕግ ሰዎች ዘንድ ብቻ አልነበረም፤ በኮምፒዩተር ፊት በሚያመሹ ወጣቶች ጠረጴዛና በስልክ ጥገና ቤቶች መስኮት ላይም ነበር። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከመነሻው ለመከተል ሦስት ዓይነት ቁልፎችን ለይቶ ማወቅ ያሻል፤ በገበያ ላይ ሦስቱም ‹‹ማስከፈት›› በሚል አንድ ስም ስለሚጠሩ አዋቂውን ሳይቀር ያደናግራሉና። የመጀመሪያው የሲም ቁልፍ ነው። ይህ ቁልፍ ስልኩን ከአንድ የስልክ አገልግሎት ድርጅት ጋር ያስተሳስራል። ድርጅቱ ስልኩን በርካሽ ሰጥቶ ዋጋውን በውል ዘመን ቀስ በቀስ ስለሚያስመልስ፣ ደንበኛው ሲሙን ቀይሮ ወደ ሌላ እንዳይሄድ ያግደዋል። ዘመድ ከአሜሪካ የላከለት ስልክ የአገር ቤቱን ሲም አልቀበል ብሎት ወደ መርካቶ የወሰደ ሰው ሁሉ ይህን ቁልፍ ያውቀዋል። ሁለተኛው ቡትሎደር የሚባለው የአስነሺው ፕሮግራም ቁልፍ ነው። ስልኩ ሲበራ አስቀድሞ የሚሠራው ይህ አጭር ፕሮግራም የሚቀጥለውን የሥርዓት ክፍል ከማስነሣቱ በፊት የአምራቹን ዲጂታል ፊርማ ይመረምራል፤ ፊርማውን ካላገኘ አያስነሣም። ሦስተኛው ሩት፣ በአማርኛ ሥር ሊባል የሚችለው፣ የበላይ ሥልጣን ነው።

ሩት የሚለው ስም ከኪስ ስልክ እጅግ ቀድሞ የነበረ ነው። በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በ1969 የጀመሩት ዩኒክስ አንድ ኮምፒዩተር ለብዙ ሰዎች እንዲያገለግል የታሰበ ስለነበረ፣ እያንዳንዱ ተጠቃሚ በቁጥር ይታወቃል። ቁጥሩ 0 የሆነው ተጠቃሚ ሩት ሲባል፣ የማይከፍተው መዝገብና የማያስቆመው ሥራ የለም። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 የጀመረው ሊኑክስ ይህንኑ ልማድ ያዘ፤ ጉግል በ2005 የገዛው የአንድሮይድ ድርጅትም ሥርዓቱን በሊኑክስ ላይ ሲያንጽ ልማዱ አብሮ ወደ ስልክ ገባ። ነገር ግን አንድ ረቂቅ ለውጥ ተደረገበት። በአንድሮይድ ላይ ቁጥር የተሰጠው ለሰው ሳይሆን ለእያንዳንዱ አፕሊኬሽን ነው። የመልእክቱ ፕሮግራም አንድ ‹‹ተጠቃሚ›› ነው፤ ጨዋታው ደግሞ ሌላ ነው፤ አንዱ የሌላውን ጓዳ ማየት አይችልም። ለጸጥታ ሲታሰብ ይህ ብልሃት የሚደነቅ ነው። ሆኖም በዚያ የመጀመሪያ መዝገብ ውስጥ ስልኩን ገንዘብ ከፍሎ የገዛው ሰው የራሱ ቁጥር አልነበረውም። ሩትም በስልኩ ውስጥ ቢኖርም ሰው በስሙ የሚገባበት በር ሳይሠራለት ከፋብሪካ ይወጣል።

በሩን የከፈተው ብልሃት ሳይሆን ስሕተት ነበር። የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ፣ የታይዋኑ ኤችቲሲ ሠርቶት ቲ-ሞባይል ጂ ዋን በሚል ስም የሸጠው፣ በጥቅምት 2008 በአሜሪካ ገበያ ላይ ዋለ። ዋጋው ከሁለት ዓመት ውል ጋር 179 ዶላር ነበር፤ የሚንሸራተት የፊደል ገበታም ነበረው። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ አንድ ባለስልክ ከወዳጁ ጋር መልእክት ሲለዋወጥ ስለምን እንደዘገየ ትጠይቀዋለች፤ እርሱም ስልኩን አጥፍቶ ማስነሣቱን ለማስረዳት ‹‹ሪቡት›› የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ጽፎ ይልካል። ስልኩም ወዲያው ጠፍቶ ተነሣ። ነገሩ ሲመረመር፣ መሐንዲሶቹ በሥራ ጊዜ ይጠቀሙበት የነበረው የትእዛዝ መቀበያ በሩት ሥልጣን ከበስተጀርባ እንደተከፈተ ቀርቶ ኖሯል። በገበታው ላይ የሚጻፈው ቃል ሁሉ፣ የፍቅር ደብዳቤም ይሁን የገበያ ዝርዝር፣ ለዚያ መቀበያ እንደ ትእዛዝ ይቀርብ ነበር። ‹‹ቴልኔትዲ›› ብሎ መጻፍና የማስገቢያውን ቁልፍ መምታት ብቻ ስልኩን ከውስጥ ለመክፈት በቃ።

ጉግል ቀዳዳውን በፍጥነት ደፈነው፤ አርሲ 30 የተባለው እርማትም በራሱ ወደየስልኩ ይደርስ ጀመር። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ለኢንዱስትሪው ሰዎች እንግዳ ነበር። አያሌ ባለስልኮች እርማቱን ሸሹት፤ እርማቱ የደረሳቸውም አሮጌውንና ቀዳዳ ያለውን አርሲ 29 በማስታወሻ ካርድ ላይ ጭነው፣ ካሜራውንና የማብሪያውን ቁልፍ አብረው ተጭነው ወደ ኋላ ተመለሱ። ጤናማውን ጥሎ የታመመውን መምረጥ ዕብደት ይመስላል። ለእነርሱ ግን በሽታው ነፃነታቸው ነበር። ጉግል የነገሩን ምንነት የተረዳ ይመስላል፤ በታኅሣሥ ወር 2008 ለተመዘገቡ የፕሮግራም ሠሪዎች አስነሺው ያልተቆለፈ ተመሳሳይ ስልክ በ399 ዶላር አቀረበ። ይህም ማለት ክፍት ስልክ ለባለሙያ፣ ዝግ ስልክ ለሕዝብ ማለት ነው።

ሕዝቡ ይህን ክፍፍል አልተቀበለውም። ሳያኖጅን በሚል ስም የሚታወቀው ስቲቭ ኮንዲክ የአንድሮይድን ግልጽ ምንጭ እየወሰደ፣ እያሻሻለና እያፈጠነ ያዘጋጀው ሳያኖጅንሞድ በ2009 ብዙ ተከታይ አፈራ። በዚያው ዓመት መስከረም ወር ከጉግል የሕግ ክፍል የማቆሚያ ማስጠንቀቂያ ደረሰው። ክሱ ሥርዓቱን ስለ መቀየሩ አልነበረም፤ የአንድሮይድ ምንጭ ለማንም የተፈቀደ ነውና። ጥፋቱ ጂሜይልን፣ ካርታውን፣ ዩቲዩብንና የገበያውን ፕሮግራም፣ ማለትም የጉግል የግል ንብረት የሆኑትን፣ አብሮ ማደሉ ነበር። መፍትሔው አስቂኝም ብልሃት ያለበትም ሆነ፤ ባለስልኩ እነዚያን ፕሮግራሞች አስቀድሞ ከገዛ ስልኩ ገልብጦ ያስቀምጣል፣ አዲሱን ሥርዓት ይጭናል፣ ከዚያም መልሶ ያስገባቸዋል። ሕጉም ተከበረ፤ ሥራውም ቀጠለ። በአንድሮይድ ውስጥ ክፍት የሆነውና ያልሆነው ተለይቶ ለሕዝብ የታወቀው በዚህ አጋጣሚ ነው ማለት ይቻላል።

በጥር 2010 የወጣው ኔክሰስ ዋን የዛሬውን ሥነ ሥርዓት አስጀመረ። ስልኩ በሽቦ ከኮምፒዩተር ጋር ይያያዛል፣ አንድ የፋስትቡት ትእዛዝ ይሰጠዋል፣ በመስተዋቱ ላይም ዋስትናው ሊቀር እንደሚችል የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ይወጣል፤ ባለቤቱ ‹‹አዎ›› ካለ አስነሺው ይከፈታል። ቀዳዳ መፈለግም ሌብነትም አላስፈለገም። ሆኖም የሌሎቹ አምራቾች መንገድ የተለየ ነበር። ሞቶሮላ በዚያው ዓመት ያወጣው ድሮይድ ኤክስ አስነሺው ጥብቅ ቁልፍ ያለበት ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ኢፊውዝ ሊቀይረው የሞከረውን ስልክ አቃጥሎ ለዘለዓለም በድን ያደርገዋል የሚል ወሬ ተነዛ። ሞቶሮላ ይህን አስተባበለ፤ ስልኩ የሚያደርገው ያልተፈረመበትን ሥርዓት አላስነሣም ብሎ ወደ መጠገኛው ገጽ መመለስ ብቻ መሆኑን ገለጸ። ወሬው ሐሰት ቢሆንም ቁልፉ እውነት ነበረ።

ከዚህ ላይ ለሙያው ሰው ልብ ሊባል የሚገባው የፈቃድ ጉዳይ አለ። የሊኑክስ ከርነል የሚሰራጭበት ጂፒኤል የተባለው ፈቃድ፣ ሁለተኛው እትም፣ አምራቹ ከስልኩ ጋር የከርነሉን ምንጭ ለገዢው እንዲሰጥ ያስገድዳል። ምንጩ ተሰጠ እንበል፤ ገዢው አስተካክሎ ሠራው እንበል፤ አስነሺው የአምራቹን ፊርማ ካልያዘ አላስነሣም ካለ የተሰጠው መብት በወረቀት ላይ ይቀራል። ቲቮ የተባለው የቴሌቪዥን መቅጃ መሣሪያ ይህን አስቀድሞ ስላደረገ፣ በ2007 የወጣው ሦስተኛው እትም ለመጫን የሚያስፈልገው ሁሉ ከምንጩ ጋር እንዲሰጥ ደነገገ። ቶርቫልድስ ግን ሶፍትዌሩን እንጂ የሌላውን ሰው መሣሪያ አላዝም በማለት ከርነሉን በሁለተኛው እትም ላይ አስቀረው። አቋሙ ከመርሕ አንጻር የሚያከራክር ነው። በተግባር ግን የስልክ አምራቾች በሊኑክስ ላይ በድፍረት የሠሩት ይህ በር ስላልተዘጋባቸው እንደሆነ መገመት አያስቸግርም።

ደንበኞች ድምፃቸውን አሰምተው ያሸነፉበት ጊዜም አለ። ኤችቲሲ በ2011 ሴንሴሽንና ኢቮ 3ዲ የተባሉትን ስልኮች ቆልፎ ሊያወጣ መሆኑ ሲሰማ ተቃውሞው ስለበረታ፣ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ፒተር ቾው በግንቦት ወር 2011 ከእንግዲህ አስነሺውን እንደማይቆልፉ በይፋ አስታወቁ። በነሐሴ ወር ደንበኛው የስልኩን መለያ ልኮ የመክፈቻ ፋይል የሚቀበልበት አገልግሎት ተከፈተ። ሶኒ ኤሪክሰንም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ መንገድ ያዘ።

በአሜሪካ የሕግ መስክ ጉዳዩ በ1998 በወጣው የዲጂታል የቅጂ መብት ሕግ ሥር ይወድቃል። ሕጉ ቴክኒካዊ ቁልፍን መስበር የሚከለክል ሲሆን፣ የኮንግረሱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ በየሦስት ዓመቱ የተለዩ ጉዳዮችን ከክልከላው ነፃ የማድረግ ሥልጣን አለው። ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲር ፋውንዴሽን ባቀረበው ጥያቄ መሠረት፣ አፕል እየተቃወመም፣ በሐምሌ 26 ቀን 2010 ባለቤት በስልኩ ላይ የመረጠውን ፕሮግራም ለመጫን ሲል ቁልፉን ቢሰብር ሕግ እንደጣሰ እንደማይቆጠር ተወሰነ። የሲም ቁልፍ ግን ተቃራኒ ዕጣ ደረሰው፤ ከ2006 ጀምሮ የነበረው ነፃነት ሳይታደስ ቀርቶ ከጥር 26 ቀን 2013 በኋላ ለሚገዙ ስልኮች ተነሣ። ከ114,000 በላይ ሰዎች ለዋይት ሐውስ አቤት ካሉ በኋላ፣ ፕሬዚዳንት ኦባማ በነሐሴ 1 ቀን 2014 መብቱን የሚመልስ ሕግ ፈረሙ። ይሁንና እነዚህ ውሳኔዎች ሁሉ ባለቤቱ ቁልፉን ቢሰብር አይከሰስም አሉ እንጂ አምራቹ ቁልፉን ያስረክብ አላሉም። ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው።

አምራቹ ካላስረከበ ባለቤቱ ቀዳዳ ፍለጋ ይሄዳል። የሩት ፍለጋ ታሪክ አደጋው የሚታየውም በዚህ ነው፤ ቀዳዳ ማን እንደሚገባበት አይመርጥምና። በ2010 የታወቀው ሬጅ አጌንስት ዘ ኬጅ የተባለው ፕሮግራም ለዚህ አብነት ይሆናል። በስልኩ ውስጥ ከኮምፒዩተር ትእዛዝ የሚቀበለው ክፍል ሲነሣ ሩት ሆኖ ነው፤ ወዲያው ሥልጣኑን ጥሎ ተራ ተጠቃሚ ይሆናል። ፕሮግራሙ ለዚያ ተራ ተጠቃሚ የተፈቀደው የሥራ ቁጥር እስኪሞላ ድረስ ባዶ ሥራዎችን ያራባል፤ ከዚያም ትእዛዝ ተቀባዩ እንደገና ሲነሣ ሥልጣኑን ልጣል ቢል ቦታ ስለማያገኝ ሳይሳካለት ይቀራል። ኮዱን የጻፈው ሰው መሳካቱን መመርመር ዘንግቶ ስለነበር ክፍሉ ሩት እንደሆነ ሥራውን ይቀጥላል። አንዲት የተረሳች የምርመራ መስመር የበዙ ስልኮችን በር ከፈተች። ይህንኑ ቀዳዳ በመጋቢት 2011 ድሮይድድሪም የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም ተጠቀመበት። ከ50 በላይ በሆኑ አፕሊኬሽኖች ውስጥ ተደብቆ በራሱ በጉግል ገበያ ላይ ስለተገኘ፣ ጉግል ከሰዎች ስልክ ላይ ከሩቅ ሆኖ ሊሰርዘው ተገደደ። ‹‹የቆለፍነው ለእናንተው ብለን ነው›› የሚለው የአምራቾች ቃል በዚያ ሳምንት ሐሰት አልነበረም። ግማሽ እውነት መሆኑም መዘንጋት የለበትም፤ ባለቤቶቹ ቀዳዳን እንደ ሀብት እንዲጠብቁ ያደረጋቸው የበሩ መዘጋት ነበርና። በ2014 ቬራይዘንና ኤቲኤንድቲ የሸጡትን ጋላክሲ ኤስ 5 ለሚከፍት ሰው ባለስልኮች ከ18,000 ዶላር በላይ ሽልማት ለመስጠት ቃል እስከ መግባት ደረሱ፤ በሰኔ ወርም ጆርጅ ሆትዝ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ በተገኘ ቀዳዳ ላይ የተመሠረተውን ታወልሩት አወጣ።

ለአማርኛ አንባቢ ጉዳዩ የበለጠ ቅርብ የነበረበት ዘመን አለ። የመጀመሪያዎቹ የአንድሮይድ እትሞች የግዕዝ ፊደል አልነበራቸውም። ከአዲስ አበባም ይሁን ከዋሽንግተን የተላከ የአማርኛ መልእክት በመስተዋቱ ላይ የባዶ ሣጥኖች ሰልፍ ሆኖ ይታይ ነበር። ፊደሉን በራሱ ውስጥ የያዘ አፕሊኬሽን የራሱን ጽሑፍ ሊያሳይ ይችላል፤ አጭር መልእክቱን፣ የስም ማውጫውንና የቀረውን ሁሉ ግን አያድንም። የፊደል ፋይሎች የሚቀመጡበት ማኅደር በሥርዓቱ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ ያ ክፍል ለማንበብ እንጂ ለመጻፍ አይከፈትም፤ ሊጽፍበት የሚችል ሩት ብቻ ነው። ስለዚህ እናቱ በአማርኛ የጻፈችለትን ለማንበብ የፈለገ ሰው ምርጫው ሁለት ነበር፤ ሣጥኖቹን ማየት ወይም ስልኩን ሩት አስደርጎ የግዕዝ ፊደል ማስገባት። በጥገና ቤት መስኮት ላይ ስልኩን ሰጥቶ የሚጠብቀው ደንበኛ ስለ ዩኒክስም ስለ ቶምፕሰንም የሚያውቀው አልነበረም፤ ሥራው አንዳንድ ጊዜ ሳይሳካ ቀርቶ ስልኩ በድን ሆኖ እንደሚቀር ግን ያውቅ ነበር። በኋላ የግዕዝ ፊደል ከሥርዓቱ ጋር አብሮ መምጣት ሲጀምር ይህ ሥራ ቀረ። ሩት ማድረግ የጎረምሶች ጨዋታ ነው እየተባለ ሲናቅ ይህ ታሪክ መነሣት ይኖርበታል።

ከ2013 ወዲህ ግንቡ ከፍ አለ። ሳምሰንግ ኖክስ በተባለው የጥበቃ ሥርዓቱ ውስጥ አንዲት የኤሌክትሪክ ፊውዝ አኖረ፤ ያልተፈረመበት ሥርዓት አንድ ጊዜ ሲጫን ፊውዟ ትቃጠላለች፣ ስልኩ ወደ ቀድሞው ቢመለስም ምልክቱ አይጠፋም። አንድሮይድ 5 በ2014 ሩትን ራሱን በሕግ የሚያስር የኤስኢሊኑክስን ጥበቃ ሙሉ በሙሉ አጸና፤ በ2016 የወጣው 7ኛው እትም ደግሞ የተነካካ ሥርዓት ያለውን የተቆለፈ ስልክ ለማስነሣት እንቢ ማለት ጀመረ። የድሮው ዘዴ ሱ የተባለችውን ትንሽ ፕሮግራም በሥርዓቱ ክፍል ውስጥ መሸጎጥ ነበርና በዚህ ከሸፈ።

በዚያው 2016 የታይዋን ተወላጅ የሆነው ጆን ዉ ማጂስክን አወጣ። ማጂስክ የሥርዓቱን ክፍል አይነካም፤ የማስነሻውን ምስል ብቻ ይቀይርና ስልኩ ሲነሣ ለውጦቹን እንደ ግልጽ ወረቀት ከላይ ያነጥፋል፤ ከሥር ያለው ጽሑፍ ግን እንዳለ ነው። ፕሮግራሙ መደበቅም ይችል ነበር። ይህ አስፈላጊ የሆነው ክርክሩ ወደ ሦስተኛ ወገን ስለተሻገረ ነው። ጉግል ሴፍቲኔት በተባለው አገልግሎት አማካይነት አፕሊኬሽኖች ‹‹ይህ ስልክ ተነክቷል ወይ?›› ብለው እንዲጠይቁ አስችሏቸዋል፤ የክፍያ ፕሮግራሞች ጠየቁ፣ በ2016 ፖኬሞን ጎ የተባለው ጨዋታ ሳይቀር ጠየቀ። ባንክ ቢጠይቅ አያስወቅስም፤ ጨዋታ ሲጠይቅ ግን ገደቡ ከጸጥታ አልፎ ወደ ቁጥጥር መሄዱ አይካድም። የስልኩ ባለቤት ስልኩን መክፈት ይችላል፤ ከከፈተው በኋላ ግን ሌሎች ስልኩን ላያምኑት ይችላሉ። በ2020 መልሱ በቺፑ ውስጥ ባለ ቁልፍ እየተፈረመ መምጣት ሲጀምር መደበቁ ከባድ ሆነ። ጆን ዉ ራሱ በ2021 በጉግል የአንድሮይድ ጸጥታ ክፍል ተቀጠረ፤ መደበቂያውም ከማጂስክ ወጣ። ሳያኖጅንን ወደ ንግድ ያሸጋገረው ድርጅት አስቀድሞ በ2016 መጨረሻ አገልግሎቱን አቁሞ፣ ሥራው ሊኒየጅ ኦኤስ በሚል ስም በፈቃደኞች እጅ ቀጥሏል።

አምራቾችም የየራሳቸውን መንገድ መርጠዋል። ሁዋዌ በ2018 የመክፈቻ ቁጥር መስጠት አቆመ። ሻዎሚ ከ2016 ጀምሮ ባለስልኩ በስሙ ተመዝግቦ፣ ብዙ ጊዜም 168 ሰዓት ጠብቆ እንዲከፍት አደረገ፤ ምክንያቱ አንዳንድ ነጋዴዎች ስልኮቹን ከፍተው ተንኮለኛ ፕሮግራም እየጫኑ መሸጣቸው ነበር። የጉግል ፒክስል ከአገልግሎት ድርጅት ጋር ካልታሰረ ዛሬም ይከፈታል። ባለቤቱ በመቼቱ ገጽ ላይ የሥርዓቱን የግንባታ ቁጥር ሰባት ጊዜ ይነካና የሠሪዎቹን ገጽ ያገኛል፤ በዚያ የመክፈቻውን ፈቃድ ያበራል፤ ከዚያም ትእዛዙን ከኮምፒዩተር ይሰጣል። ስልኩም ከመከፈቱ በፊት በውስጡ ያለውን ፎቶግራፍና መልእክት ሁሉ ይደመስሳል። ብዙዎች ይህን እንደ ቅጣት ያዩታል፤ ቅጣት ግን አይደለም። ስልኩን የሰረቀ ሰው አስነሺውን ከፍቶ የባለቤቱን ምስጢር እንዳያነብ የሚያደርገው ይኸው መደምሰስ ነው።

በፒክስል ላይ ብዙ ሰው የማይጠቀምበት አንድ ተጨማሪ መንገድ አለ። ባለቤቱ የራሱን ዲጂታል ቁልፍ አበጅቶ በስልኩ ውስጥ ካስመዘገበ በኋላ፣ በዚያ ቁልፍ የተፈረመ ሥርዓት ጭኖ አስነሺውን መልሶ መቆለፍ ይችላል። ከዚያ ወዲያ ስልኩ በጥበቃው እንደ ፋብሪካው ስልክ ነው፤ ያልተፈረመበትን አያስነሣም፤ የሚመረምረው ፊርማ ግን የባለቤቱ ነው። ስልኩ በተነሣ ቁጥር ብጫ ምልክት ያለበት ገጽ ብቅ ይላል፤ ይህ መሣሪያ ከተለመደው የተለየ ሥርዓት እንደሚያስነሣ ይገልጻል፤ ከሥሩም የዚያ ቁልፍ አኀዝ ይታያል።